ድንጋይ ይዘሽ ነይ

መጀመሪያ የመኪና ድምፅ መስሎኝ ነበር። ከባድ ጭኖ ዳገት የያዘ መኪና። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ማሽላ እየለቀምሁ ነበርና ቀና እንኳ አላልሁም። ከዚያ እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። የመርሳው አስፋልት ከእኛ ቤት በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። የመኪና ድምፅ እዚህ ደርሶ አያውቅም።

ሰማዩን አየሁ። ከላያችን አንድ ደመና የለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በምዕራብ፣ ጋራው ላይ ግን ሰማዩ ከሰል መስሏል። ተኝተው ያመሰኩ የነበሩት ፍየሎች ተነሥተው ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። ነፋስ መጣ፤ ቀዝቃዛ፣ የረጠበ አፈር የሚሸት። እኛ ዘንድ ዝናብ ከጣለ አምስት ቀን ሆኖት ነበር።

ያኔ ገባኝ። ጎርፍ ነው።

ትንሿ ልጄ ማስተዋል ጥላው ሥር ተኝታለች፤ ገና ዓመት አልሞላትም። ትልቋ ሰብለ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ማሾ ታርማለች። ባሌ ሞገስ ለቀን ሥራ ወልድያ ከሄደ ሳምንቱ ነው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ አፌ የጠራው ግን የባሌን ስም አልነበረም። ‹‹እመት መሬም›› ነው ያልሁት። እመት መሬም ደግሞ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ስለ እሳቸው ነው የምጽፈው። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ያጎደልሁት ካለ ይታለፈኝ።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን። የሞገስ አባት መሬት ለአራት ወንድማማች ሲከፈል ለእኛ የደረሰን በሬ ጠምዶ ለመዞር እንኳ አይበቃም ነበር። ‹‹ሐብሩ ቆላው ሰፊ ነው፤ ሰው እየገባበት ነው›› ሲባል ሰማንና ሰብለን በሁለት ዓመቷ አዝዬ ወረድን። ሜዳውን ሳየው ፈራሁ። ደጋ ዓይን የሚያርፍበት አለው፤ ገደሉ፣ ጋራው፣ የጎረቤት አጥር። እዚህ ሣርና ግራር ነው፣ ደግሞ ሣርና ግራር፣ ከዚያ ሰማይ። ጀርባዬን የምሰጠው ነገር አጣሁ። ስንት ቀን ከጎጆው ስወጣ ሳላውቀው ምሰሶውን እይዝ ነበር።

ቤት ስንሠራ ሞገስ ቦታ መረጠ። ደልዳላ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት፣ አፈሩ እንደ ዱቄት የላመ። ደጋ እንዲህ ያለ ቦታ ቢገኝ ወንድማማች ይጋደልበታል። ምሰሶ እየተከልን ሳለ አንዲት ቀጭን ረጅም አሮጊት በማሽላው መሐል መጡ። በቀሚሳቸው ላይ የወንድ ኮት ደርበዋል፤ ከቁመታቸው የሚበልጥ ዘንግ ይዘዋል። ቆመው አዩን። ጎንበስ ብለው ከተቆፈረው አፈር ቆነጠሩና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

‹‹አሰላሙ አለይኩም። ከደጋ ናችሁ?››

‹‹በምን ዐወቁ?›› አለ ሞገስ።

‹‹ደገኛ ደልዳላ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል። ይኸ አፈር ከየት የመጣ ይመስልሃል?››

‹‹እግዜር የፈጠረው ነዋ።››

‹‹የፈጠረውስ እናንተ አገር ነበር። ወደዚህ ያመጣው ጎርፍ ነው። አንተ ምሰሶ የምትተክለው የጎርፉ መኝታ ላይ ነው።››

ሞገስ ሣቀ። ‹‹ውሃው ሲመጣ ነቅለን እንነሣለን፣ እመት።››

‹‹ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?›› አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹ስምሽ ማነው፣ አንች?››

‹‹እናኑ።››

‹‹እናኑ፣ ነገ ቤቴ ትመጫለሽ። ባዶ እጅሽን እንዳትመጭ። ድንጋይ ይዘሽ ነይ።››

ሰው ስኳር ይዘሽ ነይ ሲል ሰምቻለሁ። ድንጋይ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ማታ ሞገስን ‹‹አእምሯቸውን ያማቸዋል መሰል›› አልሁት። ቢሆንም አገሩ አዲስ ነው፤ ማን ምን እንደሆነ አላውቅም። በማግሥቱ ፈልጌ ፈልጌ፣ ድንጋይ ያለው ወንዙ አሸዋ ላይ ብቻ መሆኑን ሰው ነገረኝና ግማሽ ሰዓት ሄጄ አንዲት ትንሽ ይዤ ደረስሁ። እመት መሬም በመዳፋቸው አገላብጠው አዩዋት።

‹‹ይቺ ለእኔ ናት ለዶሮዬ?››

በዚያው ወደ ወርካው ወሰዱኝ። ከቤታቸው አጠገብ ትልቅ ወርካ አለ። ከሥሩ ዙሪያውን ድንጋይ ተከምሮ፣ በአፈር ተጠቅጥቆ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉብታ ሆኗል። ሃያ ሠላሳ ሰው ያስቆማል። ከቅርንጫፉ ላይ ያለቀ የማረሻ ብረት በሽቦ ተንጠልጥሏል። የኔን ጠጠር ሁለት ድንጋይ መሐል ሸጎጧት። ‹‹ክፍተት ትይዛለች። በሚቀጥለው ግን አታሳፍሪኝ›› አሉ።

ለካ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። እመት መሬምን የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። ከግራና ከተማ ገበያ የሚመለሰው፣ ለሠርግ የሚጠራቸው፣ ወንፊት ሊዋስ የሚመጣው፣ ሁሉም። ጎረቤታቸው ሼህ ሰይድ ብቻ አምጥተው አያውቁም፤ እኩዮች ስለሆኑ ሲተራረቡ ነው የሚውሉት።

‹‹ሰው ለአኼራው ሰደቃ ይሰበስባል። መሬም ድንጋይ ትሰበስባለች›› ይላሉ ሼህ ሰይድ።

‹‹አንተ ሰደቃህን ሰብስብ። ውሃው የመጣ ቀን የምትወጣው ግን እኔ ድንጋይ ላይ ነው።››

‹‹ወላሂ አልወጣም።››

‹‹አትማል። እየሳቅሁብህ እጄን እሰጥሃለሁ።››

እመት መሬም ወደዚህ ሜዳ የገቡት በሙሽርነታቸው ነው። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቤቴን ጭቃ ሲመርጉልኝ፤ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ስለ ራሳቸው አያወሩም። ‹‹ሣሩ ሰው ይውጥ ነበር›› አሉ። ‹‹አሊ ማዶ እየመነጠረ፣ እኔ እዚህ እየመነጠርሁ፣ በዓይን አንተያይም። መጥረቢያው ሲመታ እሰማና አለ ማለት ነው እላለሁ። ዝም ሲል እጣራለሁ።›› አሊ ባላቸው ነው። በአንድ ክረምት ወባ እሱንና ሁለት ልጆቻቸውን ወሰደ። ጎረቤት የሚባል አልነበረም። መቃብሩን ራሳቸው ቆፈሩ። የሚለብሱት ኮት የእሱ ነው።

‹‹ወደ ቤተ ሰብዎ ለምን አልተመለሱም?›› አልኋቸው።

ጭቃውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ‹‹የቆፈርሁት ቦይ እዚህ ነው። ቦዩን ተሸክሜ አልሄድ።››

ቦዩ ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር። በእኛ ሜዳ ዝናቡ ለእርሻ አይበቃም። ማሽላውን የሚያበቅለው ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ አፉ ላይ ጠብቀን በቦይ እየጠለፍን ወደ እርሻችን እንመልሰዋለን፤ መጀመሪያ ላይኛው እርሻ ይጠጣል፣ ከዚያ ታችኛው። ጠለፋ እንለዋለን። እንግዲህ እሱ ነው እንጀራችን፣ እሱ ነው ፍርሃታችንም። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ እመት መሬም ያችን ማረሻ ይመታሉ። ያን ጊዜ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ፣ እሾህ ቆርጦ ይመጣና የወንዙን ከንፈር በድንጋይ፣ በእሾህና በአፈር እናሳድገዋለን። ያ ክትር ጎርፉን ወደ ቦዩ ይመራል። ክትሩ ከተጣሰ ውሃው ቦይ አይፈልግም፤ ወደ ጥንት መኝታው ይሄዳል። የጥንት መኝታው ደግሞ እኛ ቤት የሠራንበት ደልዳላ ነው።

በመጀመሪያው ክረምታችን ክትሩ በአንድ በኩል ተጣሰ። እኔ ከሰብለ ጋር ብቻዬን ነበርሁ። ያን ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም አጥንቴ ዐወቀው። ልጄን አዘልሁና ሮጥሁ። ወደ ጋራው። የደጋ ልጅ ነኝ፤ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ወደ ላይ ነው የምንሸሽ፣ ከእናቴም ያየሁት ይኸንኑ ነው። ትንፋሼ እስኪቆረጥ ወደ ምዕራብ ስሮጥ ከኋላዬ አንድ እጅ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ። ልወድቅ ነበር።

‹‹ወዴት ነው?›› እመት መሬም ናቸው።

‹‹ወደ ጋራው።››

‹‹የላከውስ ጋራው አይደል? የላከብሽ ሰው ቤት ሄደሽ ልትደበቂ ነው?››

በዚያ ሰዓት እንኳ እንዲህ ይናገራሉ። ቀሚሴን ሳይለቁ እየጎተቱ ወደ ጎን፣ ውሃው የሚመጣበትን በግራ ትተን፣ በማሽላው መሐል ወደ ወርካው ወሰዱኝ። ጉብታው ላይ ስንወጣ ዞሬ አየሁ። የሞገስ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ተኙ። ድምፅ አልነበራቸውም፤ ውሃው ሁሉንም ድምፅ ወስዶታል።

ውሃው እስኪጎድል ሰብለን አቅፈው ቁጭ ብለው እንዲህ አስተማሩኝ፦ ‹‹ድምፁን ከሰማሽ ገንፎ አማስለሽ እስክታወጪ ያህል ጊዜ አለሽ። ለሰው ይበቃል፣ ለዕቃ አይበቃም። ዕቃ አንሽ የሚልሽ ሸይጧን ነው። ወደ ጋራው አትሩጭ፣ ከውሃው ፊትም አትሩጭ፤ ይቀድምሻል። ወደ ጎን። በይ ድገሚልኝ።››

‹‹ወደ ጎን።››

‹‹አሁንም።››

እንደ ፊደል አስደገሙኝ። ሞገስ ሲመለስ ምንም አላሉትም። እሱ ራሱ ሳምንት ሙሉ ከወንዙ ድንጋይ እየተሸከመ ጉብታው ላይ ሲደረድር ሰነበተ። ‹‹ደገኛው ሃይማኖት ለወጠ እንዴ?›› እያሉ ሼህ ሰይድ ያሾፉበት ነበር። ሁለተኛውን ቤት ወደ ወርካው ቀረብ አድርገን፣ ሁለት እርሻ ያህል ትተን ሠራን።

ባለፈው መስከረም ላይ እመት መሬም ታመሙ። ወልድያ ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ብንል እምቢ አሉ። ‹‹ወልድያ ድንጋይ ሞልቷታል፤ እኔን ምን ታደርገኛለች›› አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔን ብቻ አስጠሩኝ። ነፍሰ ጡር ነበርሁ፤ ሆዴን እያየሁ ገባሁ። እንደ ደንቡ ድንጋይ ይዣለሁ። አገላብጠው አዩት።

‹‹አሁን ድንጋይ መምረጥ ዐወቅሽ›› አሉ። ዘንጋቸውን ከግድግዳው አንሥተው ሰጡኝ። ‹‹ሰኔ ሲገባ ማረሻዋን አንች ትመቻታለሽ።››

‹‹እኔ? እመት፣ እኔ መጤ ነኝ። ሼህ ሰይድ እያሉ።››

‹‹እኔስ ምንድን ነበርሁ?››

ዘንጉን ይዤ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ማንም ሳይመክራቸው በወንዙ በኩል ዞረው እያንዳንዱ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። ትልቁን የተሸከሙት ሼህ ሰይድ ነበሩ። አስቀመጡት፤ ምንም አልተረቡም።

ሰኔ ገባ። ማረሻዋን አልመታኋትም።

እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ሁለት ጊዜ ወርካው ድረስ ሄጄ ነበር። ድንጋይ አነሣሁ፣ እጄን ሰነዘርሁ። ‹‹ይቺ ደገኛ ማን ሆና ነው የምትጠራን?›› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ማንም ሳይል። ሞገስም ‹‹ተይ፣ ሼህ ሰይድ ይጠራሉ›› አለ። ሼህ ሰይድ ደግሞ፣ በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ እመት መሬም አደራውን ለእኔ መስጠታቸውን ሰምተው እኔን ይጠብቁ ነበር። ሁሉም ሁሉን ሲጠብቅ ሐምሌ አለፈ። ክትሩ እንደ አምናው ተሸርሽሮ ቀረ። በየቀኑ ጋራውን እያየሁ ‹‹ዛሬን ብቻ›› እል ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም። ለማን እነግራለሁ?

እናም ያ ከሰዓት በኋላ መጣ።

ማስተዋልን አንሥቼ በነጠላዬ አዘልኋት። ‹‹ሰብለ!›› ስል ልጄ እየሮጠች መጣች። ዘንጉን ከበሩ አነሣሁ። ከዚያ የሆነውን ለማመን አሁንም ይቸግረኛል። ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። ወደ ጎን፣ ወደ ጎን እያልሁ ፊደል ቆጥሬበታለሁ። እግሬ ግን ወደ ጋራው ነበር የሄደው። ስድስት ሰባት እርምጃ ሮጫለሁ።

ከኋላዬ ቀሚሴ ተያዘ።

‹‹እማ፣ ወዴት ነው?›› ሰብለ ናት፤ በሁለት እጇ ጨምድዳኛለች። ‹‹ወደ ጎን እኮ ነው።››

ቆምሁ። ልጄ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ቀሚሴን ግን አልለቀቀችም። ወደ ወርካው ዞርን።

የመጀመሪያውን እርሻ እንዳለፍን ሰብለ ቆመች። ‹‹ቦራ!›› አለች። ፍየሏ ናት።

‹‹ዕቃ አናነሣም።››

‹‹ዕቃ አይደለችም፤ ፍየል ናት።››

እጇን ይዤ ጎተትኋት። እያለቀሰች ተከተለችኝ። ሁለተኛው እርሻ ላይ ማሽላው ስለሚጋርደን ምንም አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው። መሬቱ ከእግራችን ሥር ይርገበገብ ጀመር። ገንፎዬ እየበሰለች ነው አልሁ በልቤ። እንዲህ ነው ያልሁት፤ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ከማሽላው ስንወጣ ቦዩ ከፊታችን ነው። ከወርካው የሚለየን እሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ደረቁን ወርደን በጥቂት እርምጃ የምንሻገረው ቦይ ዛሬ አፉ ድረስ ሞልቶ ቡናማ ውሃ ይገለብጣል። ወደ ግራ አየሁ። በሜዳው ላይ ግድግዳ ይመጣል፤ ፊቱ ላይ ግንድና እሾህ ይገፋል፤ ከፊቱ ደግሞ አቧራ ይነሣል። ውሃ አቧራ ሲያስነሣ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ዘንጉን ወደ ቦዩ አወረድሁ። እስከ ወገቤ ነው። ‹‹ነጠላዬን ያዥ፤ ብወድቅም አትልቀቂ›› አልኋት ሰብለን። ገባን። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ የደጋ ውሃ፣ የአገሬ። መሐል ላይ እግሬ ከሥሩ ከዳኝ፤ ዘንጉ ግን ተተክሎ ቀረ፤ እሱን አቅፌ ቆምሁ። ማስተዋል ጀርባዬ ላይ ነቅታ ጮኸች። ጩኸቷ ደስ አለኝ፤ መጥረቢያው ሲመታ የሚሰማቸው እመት መሬም ትዝ አሉኝ። አለች ማለት ነው። ሰብለን በአንድ እጄ ወደ ዳር ወረወርኋት፤ ሣር ይዛ ወጣች። እኔም በጉልበቴ ወጣሁ።

ጉብታው ላይ ለመውጣት ድንጋዮቹን በእጄ ይዤ ነበር የወጣሁት። አንዱም አልተነቃነቀም። ፍየሎቹ ቀድመውን ወርካው ሥር ቆመዋል፤ ቦራም አለች። ማንም ሳይነግራቸው በጎን መጥተዋል።

ልጆቼን ግንዱ ሥር አስቀመጥሁ። መቀመጥ ፈለግሁ። ግን የሼህ ሰይድ ቤት ከእኛ በታች ነው፤ በዚያ ላይ ምራታቸውና ሦስት ሕፃናት አሉ። ድንጋይ አነሣሁ። ማረሻዋን መታኋት። መታኋት፣ መታኋት፤ እጄ እስኪደማ። አሁን ማን ሆና ነው የምትጠራን የሚለው በጆሮዬ አልመጣም። በማሽላው ውስጥ መጀመሪያ ሻሽ ታየኝ፣ ከዚያ የሕፃን ራስ፣ ከዚያ ሌሎች ጎረቤቶች። ከእነሱ ወገን ቦይ የለም፤ ደርሰው ወጡ። ሼህ ሰይድ የመጨረሻው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። እጄን ሰጠኋቸው። ውሃው እግራቸው ሥር ሲደርስ ወጡ።

የልጅ ልጃቸውን አውርደው ቁጭ አሉ። ‹‹አሁን ትስቅብኛለች›› አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

ውሃው ጉብታውን ከበበው። እስከ ግማሹ ወጣ፤ እዚያው ቆመ። ማዶ የቤቴ ክዳን ሲዞር አየሁት፣ ከዚያ አላየሁትም። ምንም አልተሰማኝም። ልጆቼን ቆጠርሁ፤ ሁለት ናቸው፣ ግን ደጋግሜ ቆጠርኋቸው።

ሰብለ ጭኔ ላይ ተደገፈች። ‹‹እማ፣ ደረስን?›› አለች።

‹‹ደርሰናል›› አልኋት። ‹‹ድንጋዩ ላይ ነን። ተርፈናል።››